የደምሴ የቦርድ አበል

ደምሴ የክሊኒክ ቦርድ አባል ሆነ ሲባል አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ያልሰማ አበሻ አልነበረም። ወሬውን የነዛሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ሁለታችንም አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነበርን፤ እሱ ካሸር፣ እኔ መኪና አቋሚ። ጊዜው በፈረንጆች 2011 ነው።

ኢንሹራንስ የሌለን ሁሉ የምንታከምበት ክሊኒክ አለ። መንግሥት ስለሚደጉመው፣ ከቦርዱ አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያው የሚታከሙ ሰዎች መሆን አለባቸው ይላል ሕጉ። ደምሴ ደግሞ ደም ግፊት አለበት። እንግዲህ ለሹመት ያበቃው ግፊቱ ነው።

አገር ቤት የቦርድ አባል ማለት አበል ያለው ሰው ማለት ነው። ደምሴም ሴቨን ኮርነርስ የሚባለው ገበያ ሄዶ ግራጫ ሱፍ ገዛ። ከመጀመሪያው ስብሰባ ሲመለስ ሚስቱ ስሂን፣ «አበሉስ?» አለችው። አበሉ አንድ የተርኪ ሳንድዊችና መኪና በነጻ እንዲያቆም ፓርኪንግ ቲኬቱ ላይ የምትመታ ማህተም ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ቲኬት ላይ ማህተም ሲመታ ለሚውል ሰው!

በነጻ ማገልገሉን አልነቅፍም፤ ጽድቅ ነው። የገረመኝ አሠራሩ ነው። ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ያዘጋጁትን ወረቀት፣ የማይከፈላቸው እያላመጡ ያጸድቃሉ።

ደምሴ ጨዋ ነው፤ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው አይወድም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተቀምጦ አንዱ ዝም ካለ፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» ይባላል። ደምሴ ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት ሞላው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያልኩ ሳበረታታው የነበርኩትም እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ከዚያ የቅዳሜው ሕክምና ይቅር የሚል ሐሳብ መጣ። ስሂን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆቴል ታጸዳለች፤ ስኳሯን የምትታየው ቅዳሜ ብቻ ነው። በሥራ ቀን ለሕክምና ቀርታ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፤ ሦስተኛው ማባረሪያ ነው። ደምሴ ይህን እያወቀ እንዴት አይናደድ? ተናደደ። ግንባሩን ቋጠረ፣ አቀረቀረ፣ ዝም አለ። አገር ቤት ቢሆን ሰብሳቢው ደንግጦ «ምነው፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ እንዴ?» ይል ነበር። እዚህ ሰብሳቢዋ «ተቃውሞ ያለው?» አለች፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈች።

በሳምንቱ ለታካሚ ሁሉ ደብዳቤ ደረሰ። ቅዳሜ መዘጋቱን ቦርዱ በሙሉ ድምፅ ወስኗል ይላል። ከሥር የአባላቱ ስም ተደርድሯል።

«አንተ ነህ የዘጋህብኝ?» አለችው ስሂን።

«እኔ? አንዲት ቃል ትንፍሽ አላልኩም!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ በሚቀጥለው ወር ስሂን ራሷ ሄደች። በመኪና የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ከአዳራሹ ኋላ ተቀመጥን። ለታካሚ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። ተነስታ በዚያችው እንግሊዝኛዋ ስለ ስኳሯና ስለ ሥራዋ ተናገረች። ሰብሳቢዋ በትሕትና አመሰገነቻትና ወረቀቷን ገለጠች። ደምሴ ግንባሩን ቋጥሮ አቀርቅሯል። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ጠላሁት።

ስሂን ግን አልተቀመጠችም። ባሏን አየችና በአማርኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«አቶ ደምሴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለች።

በሃያ ዓመት ትዳራቸው «እርስዎ» ብላው አታውቅም። ቤቱ ዞር ዞር አለ፤ ከሦስታችን በቀር የተናገረችው የገባው የለም። ደምሴ ብድግ አለ። የሱፉን ቁልፍ ቆለፈና በእንግሊዝኛ ጀመረ። የቅዳሜው ጉዳይ እንደገና ይታይልኝ አለ፤ በዚያው ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ሁሉ ዘረገፈው። አንዲት የኤል ሳልቫዶር አሮጊት፣ እሳቸውም ታካሚ አባል፣ እጃቸውን አወጡለት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

ቅዳሜ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተመለሰች። የደምሴን ሳንድዊች ያን ቀን የበላችው ስሂን ናት።