አባቴ መኪናው ፊት የቆሙ ቀን

ጣሊያን ሲወጣ አንድ ያረጀ የእሽቅድምድም መኪና መቀሌ ጥሎ ሄደ። ለዓመት ያህል ዶሮ ሲያድርበት የነበረውን ያን መኪና ያስነሣሁት እኔ ነኝ። አስተማሪ አልነበረኝም። ሞተሩን ፈትቼ፣ መልሼ እየገጠምሁ፣ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። መለዋወጫ ስለማይገኝ የፍሬኑን ሸራ ከበሬ ቆዳ ቆርጬ ሠራሁለት። ይህን ያየ አንድ የአስመራ መካኒክ አፉን ይዞ ነው የሄደው።

በበዓል ቀን ወደ ኵሓ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ እያበረርሁ ለሕዝብ አሳያለሁ። ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ እልልታውን ያቀልጠዋል። አባቴ ግን መጥተው አያውቁም ነበር። እሳቸው የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው፤ የሚጋልብ ፈረስ ፊት ቆመው ንቅንቅ ባለማለታቸው አገር ያወራላቸው ነበር።

አንድ መስቀል ላይ መጡ። እኔ በሙሉ ኃይል ስበር አንድ ነጭ ጋቢ ከሰዉ ተለይቶ መንገዱ መሐል ገባ። አባቴ! ክው አልሁ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥሁት። ቆዳው ጮኸ፣ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተኝ፣ መኪናው ግን ይንሸራተታል። ገደልኋቸው ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ።

ስገልጥ መኪናው ቆሟል። ከአፍንጫው የወጣው የሞተር ማስነሻ ብረት ጋቢያቸውን ይዟል። እሳቸው ከነበሩበት አልተነቃነቁም። እኔን ሰው ደግፎ አወረደኝ።

«አቦይ! ምን ነካዎት?»

«ምን ይነካኛል? ፈረስ ሰው ቆሞ ሲያይ ራሱ ይዞራል። ያንተ ምነው ሳይዞር ቀረ?»

«ይሄ ብረት ነው እኮ! አያይም!»

የፊት መብራቶቹን በከዘራቸው ኳ ኳ አደረጉ። «ታዲያ እነዚህ ዐይኖቹ ምንድን ናቸው፣ ወደይ፣ ልጄ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፤ አልቀለዱም። መኪናው አይቶ ይዞራል ብለው ነበር የቆሙት። ያን ቀን ያተረፋቸው የእኔ የበሬ ቆዳ ብቻ ነበር።

«የማየው እኔ ነኝ፣ አቦይ» አልኋቸው። «መኪናውን የማዞረውም የማቆመውም እኔ ነኝ።»

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና ከብረቱ ላይ ጋቢያቸውን አላቀቁ።

«አንተማ» አሉኝ፣ «ጨፍነህ ነበር።»