ዱካ የሚጠርጉት ሴትዮ

ጎህ ሲቀድ፣ የደሴቲቱን ጥብቅ የባሕር ዳርቻ የሚጠብቀው ኤቫሪስት ከፈራረሰው የስኳር ወፍጮ አጠገብ ቆሞ ሲያዛጋ፣ ሴትዮዋ ሰፊ የወንድ ሸሚዝ ለብሰው፣ የዘንባባ ዝንጣፊ ይዘው ከተፍ ይላሉ። የባሕር ኤሊ ሌሊት እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ስትመለስ የተወችውን ዱካ፣ እንቁላል ቆፋሪዎች ሳያዩት፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ይጠርጉታል።

አንድ ቀን ኤቫሪስት ቀለደባቸው። «እማማ፣ ደመወዙ ለእኔ፣ ሥራው ለእርስዎ ሆነ እኮ!»

«ዝም በል፣ አንተ እንቅልፋም!» አሉት ሳይቀየሙ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስድስት ልጅ ያሳደግኩት ከዚሁ አሸዋ እንቁላል እየቆፈርኩ ነው። እናት ሆኜ እናት ስዘርፍ ኖርኩ።»

ኤቫሪስት አንገቱን ደፋ። ስማቸውን እንኳ አለመጠየቁ ትዝ ሲለው ቀና አለ፤ ሄደዋል። ዱካቸውን ተከትሎ ሊደርስባቸው ሮጠ። አሸዋው ግን ልሙጥ ነበር፤ የራሳቸውንም ጠርገውታል።