ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት ፊልም

ባለፈው ቅዳሜ መካኒሳ አቦ ቀብር ሄጄ ነበር። የሞተው የድሮ ጎረቤታችን ጋሽ ተካልኝ ነው። ሰማንያውን አልፎ፣ ልጆቹ ተሰብስበውለት፣ አልጋው ላይ አረፈ። የሕይወት ታሪኩን የሚያነበው ወጣት «የሰፈሩን ልጆች እንደ አባት እየመከሩ ከመጥፎ መንገድ የመለሱ» የምትለው ላይ ሲደርስ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። ያለቀስኩ የመሰላቸው ነበሩ። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፤ እኔን ያድርገኝ። ስለ እሱ ሳወራ «አንቱ» የሚባለው ነገር ከአፌ አይወጣም።

ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወላጆቻችን ከሆሳዕና መጥተው መካኒሳ የሰፈሩ ጴንጤዎች ናቸው። አባቴ ቤቱ ውስጥ ከመዝሙር ሌላ ዜማ አያስገባም፤ ፊልም ደግሞ ስሙም አይነሳም። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሃያ ዓመቱ ነበር። ጋራዥ ይውላል፣ ሲመለስ ግሪስ በሚሸት እጁ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። መስከረም ላይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነበረበት። ቤታችን ስለዚያ ፈተና ያልጸለየ ሰው አልነበረም።

ከጋሽ ተካልኝ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ እንጋራለን። እኛ ቤት የሚያነጥስ ሰው «ይማርህ» የሚባለው ከዚያኛው ቤት ነው። በሰፈሩ የቪዲዮ ዴክ ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ እሁድ ከሰዓት የሰፈሩን ወጣት ሰብስቦ ፊልም ያሳየናል። እኔና ዳዊት ለመዝሙር ልምምድ ብለን ወጥተን በጓሮ በኩል እንገባለን። ባለቤቱ እትዬ አስካለ የተጠበሰ በቆሎ እየሰበረች ታድለናለች። ክፍሉ ውስጥ የእርጥብ ጫማና የበቆሎ ሽታ ተቀላቅሎ ይታፈናል፤ ነሐሴ ነው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል።

ያን እሁድ ያየነው የድሮ ዘመን ወንበዴዎች ፊልም ነበር። ባርኔጣቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተው፣ ረጃጅም ካፖርት ለብሰው፣ ከጥቁር መኪና ወርደው የሚተኩሱ ሰዎች። ሲጀምር አንድ ጥሩምባ ብቻውን ቀስ ብሎ ይጫወታል፤ ከዚያ የመኪና በር ይዘጋል፤ ከዚያ ሦስት ጥይት። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለነበር እኔ ነኝ የምተረጉመው፤ ያልገባኝን ከራሴ እሞላዋለሁ። ሲያልቅ ዳዊት የጋሽ ተካልኝን ባርኔጣ ከምስማሩ አውርዶ ደፋና እንደ አለቃቸው ትከሻውን እየሰበቀ ክፍሉን ዞረው። ከሁላችንም በላይ የሳቀው ጋሽ ተካልኝ ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ ዴኩ ተሰረቀ። ካሴቱ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ነው የሄደው። መስኮት አልተሰበረ፣ ቁልፍ አልተነካ። በማግስቱ ጠዋት ዳዊት ቱታውን ለብሶ ግቢያችን ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ጋሽ ተካልኝ ከኋላቸው ነበር።

«ያን ፊልም ካየ ጀምሮ አረማመዱ ሁሉ የወንበዴ ሆኗል» አለ፣ በጣቱ እያሳየ።

አባቴን ያስደነገጠው ስርቆቱ አልነበረም። «ፊልም? ከማን ጋር ነው የሄድከው?» ብሎ ጠየቀ።

ዳዊት አየኝ። ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠባል። «ብቻዬን ነው» አለ። ይዘውት ሄዱ።

እናቴ በየቀኑ ቆጮና ጎመን በምሳ ዕቃ እየቋጠረች በጭቃ ወደ ጣቢያ መመላለስ ጀመረች። እንቁጣጣሽ እንደዚያው አለፈ። የሰፈር ልጆች አበባ ይዘው ሲመጡ አባቴ በሩን አልከፈተም።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ከማዶ ጥሩምባ ሰማሁ። ብቻውን፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ የመኪና በር ተዘጋ። ከዚያ ሦስት ጥይት። ሰፌዱን የት እንደጣልኩት አላውቅም፣ በጓሮ ሮጬ ገባሁ። ዴኩ በነበረበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የጋሽ ተካልኝ ልጅ ሄኖክ አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ሄኖክ ጓደኛው ጋ አስቀምጦት ኖሯል» አለ ጋሽ ተካልኝ፣ ድምፁን እየቀነሰ። «የልጅ ነገር ነው።»

«ታዲያ ዳዊትን ያስፈቱታላ?»

«አስፈታዋለሁ። አሁን ብሄድ ግን የሚያስገቡት ልጄን ነው። ትንሽ ነገሩ ይብረድ።» ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ለመሆኑ አንቺስ እሁድ እሁድ የት እንደምትውዪ አባትሽ ያውቃል?» አለኝ።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። አባቴን ፈርቼ። በዘጠነኛው ቀን ፈተናው ተሰጠ፤ የዳዊት ወንበር ባዶውን ዋለ። በአሥራ አንደኛው ቀን እናቴ ከራሷ ድርሻ ቀንሳ ምሳ ዕቃውን ስትቋጥር አየሁና ሁሉንም ነገርኳት። አልመታችኝም። ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ፣ ጫማ እንኳ ሳትቀይር፣ ወደ ጋሽ ተካልኝ ቤት ሄደች። በዚያው ሳምንት ዳዊት ተፈታ።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ ተካልኝ «ተሳስቼ ነው» አለ፤ ሽማግሌዎቹም «በመካከላችሁ የገባው ሰይጣን ነው» አሉ። በእኛ ሰፈር ሰይጣን የማይሠራው ሥራ የለም፤ ዴክ ይሰርቃል፣ በሐሰት ይመሰክራል፣ ከዚያ ሰዎቹ ንጹሕ ሆነው ቤታቸው ይገባሉ። በመጨረሻ ዳዊትን፣ የታሰረውን፣ «አንተ ልጅ ነህ፣ ተነስና የታላቅህን ጉልበት ሳም» አሉት። አባቴን ጠበቅኩ። አንድ ቃል ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። «ሳም፣ ልጄ። ጌታም ይቅር በሉ ብሏል» አለ። ዳዊት ጎንበስ ብሎ ሳመ። ያን ቀን ያየሁትን የአንገቱን ጀርባ ዛሬም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ።

ዳዊት ያን ፈተና ከዚያ በኋላም አልተፈተነም። ዛሬ ነፋስ ስልክ የታወቀ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ የሚያስጠግን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ይወደዋል፣ ልጆቹን አስተምሯል። ቢሆንም ስለ ሞተር የሚያወራ ወጣት መሐንዲስ ባየሁ ቁጥር የጋሽ ተካልኝን ስም እየጠራሁ ስረግም ኖሬያለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሬሳውን ከተሸከሙት የዕድር ሰዎች አንዱ ዳዊት ነበር። ከቀብር ስንመለስ አስፋልቱን ይዘን ጎን ለጎን ሄድን። አላስቻለኝም።

«ያነበቡትን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ነው የተሸከምከው?»

«እህቴ» አለኝ፣ «ዴኩ መመለሱን ለእማዬ ከመናገርሽ በፊት አሥራ አንድ ቀን ታውቂ ነበር። ሄኖክ ያን ጊዜውኑ ነግሮኛል።»

እግሬ ቆመ። ይህን ሁሉ ዓመት ለእሱ ያልነገርኩት ነገር ይህ ብቻ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጅ ነበርሽ፣ ፈርተሽ ነው። አንቺን ይቅር ብዬ እሱን ምን ብዬ ልያዘው?» አለና የሚያልፍ ሚኒባስ ሊያስቆም እጁን ዘረጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የዳዊት ደግነት ገብቶኛል፤ ግን አላሳረፈኝም። ቢጮህብኝ፣ «ሕይወቴን አበላሸሽው» ቢለኝ እመርጥ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ንዴቴን በአንድ ሰው ላይ ስቆልል የኖርኩት፣ ከሥሩ ያለውን የራሴን ድርሻ እንዳላይ ኖሯል። ተካልኝን ዛሬም ይቅር አላልኩትም፤ ወደፊትም የምለው አይመስለኝም። አባቴንም፣ ከሞተ በኋላ እንኳ፣ ለዚያች አንዲት «ሳም» ገና አልማርኩትም። ያኔ የነበርኩት የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ ግን ከሁለቱም ትከብደኛለች፤ እሷን እንደነሱ ቀብሬ መመለስ አልችልም።