ቅጥቅጣችን ታድሶ የመጣ ሰሞን

ሚኤሶ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ጭሮ ነርስ ናት። ሁለታችንም ከጎጃም ነው ተመድበን የመጣነው። የመደበን ሰውዬ ካርታው ላይ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ጣት ሸፍኖ፣ «ይኸው፣ ጎን ለጎን ናችሁ» ብሎናል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጭሮ እወጣለሁ፣ እሁድ ከሰዓት እወርዳለሁ። ትዳሬ የቆመው በቅጥቅጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቅጥቅጥ የምንለው ከጭነት መኪና ላይ የተሠራውን መለስተኛ አውቶቡስ ነው። የእኛው ያረጀ ነበር። በሩ በገመድ ይታሰራል። መስኮቶቹ አንዴ ከተከፈቱ አይዘጉም፤ የሚኤሶን ሙቀት ለሚያውቅ ግን ይህ ጉድለት አይደለም። ባለቤቱም ሾፌሩም አንድ ሰው ናቸው፤ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ መኪናው ውስጥ ሲሆኑ ብዙ የማይናገሩ ትልቅ ሰው። ጋሼ እንላቸዋለን።

ከተሳፋሪው አብዛኛው የግመል ወተት በጀሪካን ይዘው ጭሮ ወጥተው የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ መሀል አንዲት አሮጊት አሉ። እኛ አዴ እንላቸዋለን፣ እናት እንደማለት ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር የእሳቸው ነው። ማንም አልሰጣቸውም፣ ማንም ግን አይቀመጥበትም።

አንድ ቅዳሜ ጭሮ መናኸሪያ ስንደርስ ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው ወደ እኛ ዞሩ።

«ከነገ ጀምሮ መኪናው የለም። ጋራዥ ይገባል። ሲመለስ አታውቁትም» አሉ።

ምን እንደሚታደስ ጠየቅናቸው። «ሁሉም» አሉ። ወንበሩ፣ ወለሉ፣ ጣሪያው፣ ቀለሙ። ስክሪን ይገባል። ኤሲም ይገባል። ኤሲ ሲባል ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ አንዱ በኦሮምኛ «የብርድ ማሽን ነው» ብሎ ነገራቸው። አንዷ ብርዱ ወተቱን ያቆይ እንደሆነ ጠየቀች። «እንዴታ!» አሉ ጋሼ። ያን ቀን ሁላችንም ደስ ብሎን ወረድን።

መኪናው የቆየው ካሰብነው በላይ ነው። እኛም በየሚኒባሱ ተጣብበን፣ አንዳንዴም ከጭነት መኪና ሾፌር ጎን ተቀምጠን ሰነበትን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚኤሶ አደባባይ ላይ አንድ አረንጓዴ መኪና ቆሞ አየን። ጋሼ በአዲስ ኮፍያ በሩ አጠገብ ባይቆሙ ኖሮ የሌላ ሰው ነው ብለን እናልፈው ነበር።

ጣሪያው በቀይ ከፋይ ተለብጧል። መጋረጃው ዘርፍ አለው። ስክሪኑ ከሾፌሩ በላይ ተሰቅሏል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ። ወንበሮቹ አዲስ ናቸው፤ አንድ ረድፍም ተጨምሯል፤ ስለዚህ ጉልበታችንን የምናስቀምጥበት ቦታ በእድሳቱ አልተካተተም። የወንበሮቹ ፕላስቲክ አልተገለጠም፣ አይገለጥምም። መስኮቶቹ ደግሞ አዲስ መስታወት ሆነው ዙሪያቸው በማስቲሽ ተደፍኗል፤ ኤሲ ያለው መኪና መስኮት አይከፈትም።

«ኤሲውስ?» አልኩ።

«መንገድ ላይ ነው፣ ቲቸር» አሉኝ ጋሼ።

ችግሩ የተጀመረው ወተቱ ሲመጣ ነው። ጋሼ ጀሪካን ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም፣ ጣሪያ ላይ ይጫን አሉ። ሴቶቹ ፀሐዩ ያበላሽብናል ብለው እምቢ አሉ። አዴ ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ መንገዱ ዳር ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኛ መምህራንና ከአሰቦት ገዳም የሚመለሱ ጥቂት ምዕመናን ብቻ ቀረን። እስከ ጭሮ ድረስ ባዶ ወንበር ይዘን፣ ስክሪኑ ላይ ድምፅ የሌለው የእግር ኳስ ጨዋታ እያየን፣ በላብ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቀን ወጣን። ስነሳ ሸሚዜ ወንበሩ ላይ ሊቀር ምንም አልቀረውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ራሳቸው ወደ ሴቶቹ ሄዱ።

«አዴ፣ ግቡ» አሉ። «ወተቱም ይግባ። ግን ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ይዘጋ። አንድ ጠብታ እንዳይነካብኝ።»

«ሂን ቱቁ፣ ኢልማ ኮ» አሉ አዴ፤ አይነካም ልጄ ማለታቸው ነው። ሁልጊዜ ክዳኑን ላላ አድርገው በቅጠል ነበር የሚወትፉት። ያን ቀን ግን ቅጠሉን ጥለው፣ ጀሪካኑን በጉልበታቸው ይዘው፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው አጠበቁት።

ከሚኤሶ ራቅን። መኪናው ውስጥ መተንፈስ እየከበደ ሄደ። አንዲት ሴት በነጠላዋ ለመላው ረድፍ ታራግባለች። እኔ የአዴን ጀሪካን እያየሁ ነበር፤ ሆዱ እየተነፋ የመጣ መሰለኝ፣ በሙቀቱ ምክንያት ነው ብዬ ተውኩት። ዳገቱን ስንጀምር መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ያኔ እንደ ጎማ ፍንዳታ ያለ ድምፅ ተሰማ።

ጋሼ ጎማ መስሏቸው ዳር ያዙ። ጎማው ደህና ነው። ክዳኑ ጣሪያውን መትቶ እኔ ጭን ላይ ወድቋል። ወተቱ ከፋዩ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ስክሪኑ ላይ ነው። ጋሼ ኮፍያ ላይም አለ። ከጣሪያው ገና ይንጠባጠባል።

አዴ ሻሻቸውን ከራሳቸው አወለቁ። በማንም ፊት ፀጉራቸውን አሳይተው አያውቁም። ወንበሩ ላይ ወጥተው ጣሪያውን መጥረግ ጀመሩ። «ሀፍረቴ፣ ሀፍረቴ» ይላሉ በአማርኛ፣ ለሁላችንም እንዲሰማ።

«አዴ፣ ተዉት» አሉ ጋሼ። ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዙረው፣ «ሻሹን ይልበሱ፣ በአላህ» አሉ።

ወርደን አንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጨመቁት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ።

«ልጄን የዳርኩ ጊዜ በዚህ መኪና ልሸኛት ነበር ሐሳቤ። የሙሽራው ቤተሰቦች፣ ሌላ መኪና እንልካለን፣ አይቸገሩ አሉኝ። በጨዋ ደንብ ነው ያሉኝ። አይቸገሩ። እሷ በሰው መኪና ሄደች፤ እኔ ከኋላ ከኋላ ባዶዬን ነዳሁ።» ኮፍያቸውን እንደገና ጨመቁት። «አንዲት ልጅ ትቀረኛለች። ለሷ ብዬ ነው።»

አዴ ሻሻቸውን እያሰሩ፣ «ሰርጓ መቼ ነው?» አሉ።

«ገና ነው። ባል አልተገኘም።»

ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ። አዴም አብረው ሳቁ። እኔ የቱ ሳቅ፣ የቱ ለቅሶ እንደሆነ መለየት ስላቃተኝ ሱሪዬን መጥረግ ቀጠልኩ።

ጋሼ ተነስተው ከመሣሪያ ሳጥኑ ቢላና ጠፍጣፋ ብረት አመጡ። የመስኮቱን ማስቲሽ ዙሪያውን ቀደዱት። እኔና ረዳታቸው፣ እሱም ሽበት የወረሰው ሰው ነው፣ መስታወቱን ከውጭ ደግፈን ተቀበልናቸው። አንድ አንድ ረድፍ እያለፉ አወጡ። ንፋሱ ሲገባ ከኋላ ያሉት ሴቶች «አልሀምዱሊላህ» አሉ። መስታወቶቹን ምንጣፉ ላይ አስተኝተን፣ ተሳፋሪው እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ጭሮ ገባን።

ባለቤቴ በሩን ከፍታ ሸሚዜን አሸተተች። «ምን ሆነህ ነው?» አለች። መኪናው ታደሰ አልኳት።

ሽታው ከከፋዩ አልለቀቀም። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እኛ አይሰማንም። ኤሲው አልመጣም፣ የሚጠይቅም የለም።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ በባዶ መስኮቶቹ ሰተት ብሎ ይገባ ጀመር። አንድ ቅዳሜ አርበረከቴ ላይ ዶፍ ያዘን። ጋሼ ጎናቸው ቢበሰብስም መንዳታቸውን አላቆሙም። አዴ ከመቀነታቸው ሥር አንድ ላስቲክ አውጥተው ዘረጉ። ግማሹን ራሳቸው ላይ ደፉ፤ ግማሹን ወደ ፊት ሳብ አድርገው የሾፌሩን ትከሻ አለበሱት፣ ዳገቱንም ጨርሰን እስክንወጣ ድረስ ጫፉን በእጃቸው ይዘው ቆዩ።