አይጥ የቦጫጨቀችው ሥዕል

የምጠብቃት የፈረንጅ ልጅ የሚገጣጠም ሥዕሏን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፈው፣ የካርቶኑ ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ደብረ ታቦር መለሰኝ።

እናቴ ጓዳ ውስጥ ምጥ ይዟታል፤ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ከራስጌዋ የሚሰቀለውን የእመቤታችንን ሥዕል አይጥ ቦጫጭቃዋለች። መሪጌታ አያቴና እኔ ደጅ ተቀምጠን፣ ቁራጮቹን ከሰፌድ እየለቀምን ካርቶን ላይ በዱቄት ሙጫ እናጣብቃለን።

«አይጥ መች ጾም ታውቃለች!» አሉ አያቴ፣ ሊያስቁኝ።

እመቤታችን ያቀፈችው የልጇ ፊት ጠፋ። መሬቱን ሁሉ ዳበስኩ።

«አባባ፣ ነጭ ወረቀት ልለጥፍበት?»

«ተይው ልጄ። የጎደለውን እሷ ታውቀዋለች።»

አክስቴ እንደጎደለ ወስዳ ሰቀለችው። እናቴ ተረፈች፤ ወንድሜ ግን ሲወለድ አላለቀሰም።

አሁን ልጅቷ የመጨረሻዋን ቁራጭ «አንቺ አስገቢያት» ብላ ሰጠችኝ። በስመ አብ ብዬ ተቀበልኳት። ቦታዋ ከፊቴ ክፍት ነው፤ እጄ ግን አልሄደልኝም።