መኪናዋ ዝም ያለች ሰሞን

ነገሩ የሆነው አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። ለሚሰማው ሰው ትንሽ ነገር ነው። እኔ ግን ለልጆቼ እንኳ ያልነገርኩትን ስሙን ለማላውቀው መንገደኛ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስለተናገርኩ አልረሳውም።

ባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ አንዲት አሮጌ መኪና ገዙ። ብዙም ሳይነዷት የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ወሰደው። መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ፣ ከውጪው በር አጠገብ ቆማ ቀረች። አንድ ሾፌር ጎረቤታችን አልፎ አልፎ እየመጣ ሞተሯን ያስነሳታል። ደሴ የሚኖረው ትልቁ ልጃችን «ቆማ ከምትበሰብስ እንሽጣት» ይላል። እሳቸው ወሬ ይቀይሩበታል። እኔ ግን በሐሳቡ እስማማ ነበር።

ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አይለዩትም። ለሰላት ሊወጡ ሲሉ ደጃፉ ላይ ቆመው የቁልፉን ሪሞት ይጫኑታል። መኪናዋ «ጢጥ ጢጥ» ትላለች። ትንሽ ሄድ ብለው እንደገና ይጫኑታል። መንዳቱ ናፍቋቸው የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር።

«ኧረ የባትሪ ድንጋዩን ይጨርሱታል» እላቸዋለሁ።

«ታዲያ ለማን ላስቀምጠው?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ቢጫኑት መኪናዋ ዝም አለች። ደጋግመው ሞከሩ። ከዚያ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ቤት ተመለሱ። «ጉልበቴን ይዞኛል፣ እዚሁ እሰግዳለሁ» አሉኝ። በነጋታውም እንደዚያው። ልምራዎት ብላቸው እሺ አላሉም። መስጊድ መሄዳቸው በዚያው ቀረ።

ጎረቤታችን ሐጂ ሊጠይቋቸው መጡ። «ምነው ጠፉ? በስተርጅና ጫጉላ ገቡ እንዴ?» አሏቸው።

«ምን ላድርግ ሐጂ፣ አላስወጣ አለችኝ» አሉ ባለቤቴ። ሁለቱም ሳቁ። ሐጂ ከሄዱ በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

አንድ ማለዳ በመስኮት አየኋቸው። እንቅልፍ ላይ ያለሁ መስሏቸው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ቁልፉን ተጫኑና ጆሯቸውን ወደ መኪናዋ አዘነበሉ። ምንም የለም። ቢሆንም ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ግቢያችን ሰፊ ነው፤ መሃሉ ላይ እጅ የሚያሳርፉበት ነገር የለም። ወደ ግራ ሄዱና ከእንጨት ክምሩ ጋር ተጋጩ። ቁልፉን አሁንም ተጫኑት። ከዚያ ክምሩን እየዳበሱ፣ ግድግዳውን እየያዙ ተመለሱ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከበሩ ከወጡ በኋላ አጥሩን በከዘራ እየነኩ መስጊዱ ድረስ መሄድ ይችላሉ። የሚከብዳቸው ግቢው ነው። ስለዚህ ሲወጡ የመኪናዋን ድምፅ ተከትለው ይሄዱ ነበር፤ ሲመለሱ ደግሞ ድምፁን ከጀርባቸው ያደርጉታል። እኔ ጨዋታ ነው ያልኩት መንገዳቸው ነበር። ከመስኮቱ ዞር አልኩ። እንዳየኋቸው ቢያውቁ ደስ የሚላቸው አልመሰለኝም።

ከምሳ በኋላ ሲያሸልባቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጣሁና በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ገበያ ወረድኩ። አንዱ ባለሱቅ ፈልቅቆ ከፈተው። ውስጡ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች የባትሪ ድንጋይ አለች። «ይቺ ከደሴ ነው የምትመጣው እማማ። መንገዱን ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል፤ እስኪጠገን ይታገሱ» አለኝ። ሌላው ጋ ያገኘሁት የእጅ ሰዓት ድንጋይ ብቻ ነው። ተመልሼ የመጀመሪያው ሱቅ ብሄድም መልሱ ያው ሆነ።

የስልክ ቻርጀር ሊገዛ የቆመ አንድ ጎልማሳ ይሰማን ነበር። ጫማውም ሱሪውም ጭቃ በጭቃ ነው። «ምን ያጣድፍዎታል እናቴ? በብረቱ ቁልፍ ይክፈቷት እንጂ» አለኝ።

ለምን እንደነገርኩት አላውቅም። «ለመክፈት አይደለም። ባለቤቴ ዓይናቸው አያይም። ድምጿን ሰምተው ነው መስጊድ የሚሄዱት» አልኩት። ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።

ሰውየው የራሱን መኪና ቁልፍ አውጥቶ በጥፍሩ ከፈተው። የሱም ድንጋይ ያችው ናት። አውጥቶ የባለቤቴ ቁልፍ ውስጥ፣ ጽሑፏን ወደ ላይ አድርጎ አስገባት። ሲጫነው ትንሿ መብራት በራች።

«አንተስ?» አልኩት።

«የኔዋ ሳይነኳትም ትጮኻለች። ትንሽ ዝም ብትል ይሻላታል» ብሎ ሳቀ። ልከፍለው ብል ወላሂ አልቀበልም አለ። «አብሽሩ እናቴ፣ ዱዓ ብቻ አድርጉልኝ» ብሎኝ ወጣ።

ቁልፉን ኪሳቸው መለስኩት። ለአስር ሰላት ሲነሱ በልማድ ደጃፉ ላይ ቆመው ተጫኑት። «ጢጥ ጢጥ» አለች። እንደቆሙ ቀሩ።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መኪናዋን።»

«ነቅታለች መሰለኝ» ብዬ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። ከዘራቸውን አነሱ። መሃል ግቢ ላይ ሲደርሱ አንዴ ደገሙት። የውጪው በር ሲከፈት ከሰማሁ በኋላ ነው ቀና ያልኩት።

የጉልበታቸውን ነገር ዳግመኛ አላነሱትም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። የሰውየውን ስም ሳልጠይቅ መቅረቴ ግን ይቆጨኛል። ዱዓ ሳደርግለት «ያ መንገደኛ» እላለሁ፤ ፈጣሪ ያውቀዋል።

በቅርቡ ልጃችን ደውሎ ለመኪናዋ ጥሩ ገዢ እንዳገኘ ነገረኝ። «አትሸጥም፣ አባትህ ይሄዱባታል» አልኩት። ረጋ ብሎ ጤንነቴን ይጠይቀኝ ጀመር። እርጅና የተጫነኝ መስሎት ይሆናል። ይምሰለው።