ባለ ጺሙ የወሰደው አጋዘኔ

ኖቬምበር ገብቶ የመጀመሪያው ፒክአፕ አጋዘን ጭኖ ሱቄ ደጃፍ ሲቆም፣ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጎማው አይደለም። ወደ አጋዘኑ ቀንድ ነው፤ ቀንዱ ላይ ወደታሰረችው ወረቀት። ታግ ይሏታል። ያቺን ወረቀት ያሰረ ሰው የአጋዘኑ ባለቤት ነው፣ አለቀ። ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ስትሪት ላይ ያገለገለ ጎማ ሸጬ የምኖር ሴት ነኝ። ኮሌጅ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ የተማርኩትን የተማርኩት ከደንበኛ ጋር ስከራከር ነው። ሰው ሊያታልለኝ ሲመጣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ይታወቀኛል። የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠኝ ግን እስከ ዛሬ ስሙን የማላውቀው አንድ ባለ ነጭ ጺም ሽማግሌ ነው። እግዜር ይስጠው አልልም።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በፈረንጆቹ የሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ፣ ስልክ የሚታጠፍበት፣ አገር ቤት ለመደወል የካርድ ቁጥር በሳንቲም የምንፍቅበት ዘመን፤ እኩዮቼ ታስታውሱታላችሁ። የምንኖረው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው። አባባ የአርሲ ሰው ነው፤ በልጅነቱ አጎቶቹን ተከትሎ አደን ወጥቷል። እዚህ ግን ፕሊማውዝ ካለ ፋብሪካ ካርቶን ሲያሽግ ይውላል። አጠገቡ የሚሠራው ዴል የሚባል የሚኒሶታ ሰው ነበር፤ በዕድሜ ስለሚበልጠው አባባ «ጋሽ ዴል» ይለዋል። ዴልም የማዕረጉ ትርጉም ሲነገረው ደስ ብሎት፣ ቤታችን ሲደውል ራሱ «ጋሽ ዴል ነኝ» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወሬው ወደ አደን ዞረና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ሲያወሩ የነበሩ ሰዎች በአንድ ቀን ወዳጅ ሆኑ።

ዴል ወገቡን ታሞ ጫካ መውጣት ትቶ ስለነበር ጠመንጃውን አዋሰኝ፤ ሕጉንም ጨምሮ። የሕዝብ መሬት አጥርም ጌታም የለውም፣ ስለዚህ የሚጠብቀው መከባበር ብቻ ነው ይል ነበር። ቀድሞ የደረሰ የዚያን ቀን የቦታው ባለቤት ነው። በጨለማ የሌላ ሰው ባትሪ ካየህ ዞረህ ትሄዳለህ። ከነጋ በኋላ ብርቱካንማ ሰደሪያ ዛፍ ሥር ካየህ በፊቱ አታልፍም፤ አጋዘኑ በሚመጣበት በኩልም አትቀመጥም። ትልቁ ሕግ ደግሞ፣ መጀመሪያ ለሞት ያቆሰለ ሰው አጋዘኑ የሱ ነው። ሌላው ቢጨርስለት እንኳ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ይሄዳል። አባባ ይህችን ሲሰማ ጭኑን በጥፊ መታ። «የኛው ሕግ ነው! መጀመሪያ ያደማ ነው ገዳዩ!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአሜሪካ እንግዳነት ትንሽ የቀነሰለት ይመስለኛል።

እኔ ግን ለሕግ አልነበረም የጓጓሁት። ትምህርት ቤታችን የሳይንስ መምህራችን በር አጠገብ አንድ የቡሽ ሰሌዳ ነበር። የአደን ወቅት በተከፈተ በሰኞው፣ የመጀመሪያ አጋዘኑን የጣለ ልጅ ፎቶውን አምጥቶ ይለጥፍበታል። ሰሌዳው ላይ ያሉት ሁሉ ቢጫ ጸጉር ያላቸው ወንዶች ልጆች ናቸው። በአጭሩ፣ እዚያ ላይ መለጠፍ ፈለግሁ። ለዚያ ብዬ ሃያ ወንድና ሦስት ሴት ያለበት የጠመንጃ ጥንቃቄ ኮርስ ወስጄ አለፍኩ። ለዚያ ብዬ የዴል ወንድም እርሻ ላይ በጋውን ሙሉ ዒላማ ስተኩስ ትከሻዬ እንደ ባደንጃን ጠቆረ። እናቴ ትከሻዬን አይታ አባባን ስትቆጣው፣ «ፈረንጅ ልጁን ፒያኖ ያስተምራል፣ እኛ ጋ ነው ሽፍታ የሚወጣው» ያለችው እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

የመክፈቻው ቅዳሜ፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ሳይነጋ ተነስተን ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ድራይቭ አደረግን። መኪና ማቆሚያው ባዶ ነበር። «አንደኛ ነን» አለ አባባ፣ ፈተና ያለፈ ተማሪ ይመስል። ጠመንጃው አንድ፣ ፈቃዱም የኔ ብቻ ስለነበር እሱ የያዘው ቢላዋና የሻይ ቴርሞስ ነው። እናቴ ኪሴን ቆሎ ሞልታልኝ ነበር፤ አባባ ቅርሽም ስታደርጊ እስከ ጎረቤት ስቴት አዮዋ ይሰማል ብሎ ወረሰኝ። ከአንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የረጠበው ቅጠል ሽታ፣ የአዲሱ ሰደሪያዬ የፕላስቲክ ሽታ፣ ከቴርሞሱ ክዳን ሥር የሚያመልጠው የቅርንፉድ ሽታ፤ ዛሬም ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡብኝ ልቤ ይመታል።

ብርሃን ሆኖ ብዙ ከቆየ በኋላ ቅጠሉን እያንኮሻኮሸ አንድ ሰው መጣ። ነጭ ጺም እስከ ደረቱ፣ ያረጀ ብርቱካንማ ካፖርት፣ በእጁ የቡና ኩባያ። አየን። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ አላየንም ማለት አይችልም። ቆመ፣ እኔን አየ፣ አባባን አየ፣ ከዚያ በፊታችን አልፎ ቁልቁል ወርዶ ጅረቱ አጠገብ፣ አጋዘኑ የሚመጣበት መንገድ ላይ ቁጭ አለ። የዴልን ሕግ በአንድ ጉዞ ሁለቴ ሰበረ። እኔ በንዴት ስፋጅ አባባ ምን አደረገ? እጁን አንስቶ ሰላም አለው!

«ቦታችንን ወሰደ እኮ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሽማግሌ ነው፣ ኢንተላ ኮ። ደክሞት ይሆናል።» ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው፤ ሊያባብለኝ ሲፈልግ ብቻ ነው የሚያወጣው።

አጋዘኑ የመጣው ግን ከጅረቱ በኩል አልነበረም፤ ከኋላችን፣ ከኮረብታው ነበር። ባለ ስድስት ቅርንጫፍ ቀንድ ወንድ። የአባባ እጅ ጉልበቴን ጠበቅ አደረገ። ዴል እንዳስተማረኝ ከትከሻው ኋላ ዒላማዬን ያዝኩ፣ ትንፋሼን ለቀቅሁ፣ ተኮስኩ። አጋዘኑ ዘለለ፣ ጭራውን ወደ ታች ቀብሮ ቁልቁል ሮጠ፤ ጅረቱ ጋ ሲደርስ የፊት እግሮቹ ታጠፉ። ተንበረከከ። ሊነሳ ሞከረ፣ አልቻለም። ያኔ ነው ባለ ጺሙ ኩባያውን አስቀምጦ፣ አሥር እርምጃ ላይ ሆኖ፣ የተንበረከከውን የተኮሰው።

አባባ ወደ ሰው በጥይት አይኬድም ብሎ ጠመንጃዬን አስራገፈኝ። ከዚያ ደሙን እየተከተልን ወረድን። አረፋ ያለው ደማቅ ደም ነው፤ የሳንባ ደም፣ የሞተ አጋዘን ደም። አባባ ቅጠሉ ላይ እያሳየኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «አየሽ? ያደማሽው አንቺ ነሽ።» ስንደርስ ባለ ጺሙ በሬሳው ራስጌ ቆሟል። ሁለቱ የጥይት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ የኔው ከትከሻው ኋላ፣ ትልቁና ደም ያጠበው፤ የሰውዬው የአጋዘኑ አንገት ላይ። እኔ ያፈሰስኩት ደም እስከ ሰውዬው እግር ድረስ በቅጠሉ ላይ ተሰምሮ ይታያል። ዓይነ ስውር ካልሆነ በቀር የማይስተው ነገር ነው።

አባባ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰውዬውን በሁለት እጁ ጨበጠው። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ ወደ አጋዘኔ እየጠቆመ፣ «ፕሊዝ፣ ፕሊዝ፣ ዩ ቴክ» አለው።

ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ማዕድ ላይ ሆናችሁ ሰው ሲመጣ «እንብላ» ትላላችሁ። ሰውዬው «ይባረክ» ብሎ ያልፋል፤ በጣም ከቀረባችሁም ሦስት ጊዜ ተግደርድሮ አንድ ጉርሻ ይቀበላል። ቁጭ ብሎ ትሪውን ወደ ራሱ የሚስብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። «እርግጠኛ ነህ?» አለ ባለ ጺሙ አንድ ጊዜ። «የስ፣ የስ፣ ፕሊዝ» አለ አባባ፣ አሁንም ፈገግ እንዳለ፣ ያቺን የምትመጣዋን «ኧረ በፍጹም፣ የልጅቷ ነው» እየጠበቀ። ባለ ጺሙ «እንግዲያውስ አመሰግናለሁ» አለና ከኪሱ ታጉን አወጣ።

እንግሊዝኛው እኔ ጋ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አፌን ስከፍት አባባ አየኝ፤ ልጅ በሽማግሌዎች መሃል አይናገርም የሚለውን አስተያየት ታውቁታላችሁ። ዘጋሁት። ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ እንደደረቀ ቀርቶ ነበር፤ ሊያወርደውም ሊይዘውም አልቻለም። ይባስ ብሎ፣ ባለ ጺሙ አጋዘኑን በቀንዱ መጎተት ሲጀምርና ሲያለከልክ፣ አባባ ጎንበስ ብሎ በሌላው ቀንድ ያዘለት። የኔን አጋዘን፣ አባቴ፣ እስከ ሰውዬው መኪና ጎተተለት! ባለ ጺሙም ውለታ ሲመልስ ከኪሱ አንድ የሚንት ከረሜላ አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ። መኪናው ሳይርቅ ወደ ጅረቱ ወረወርኩት። ቢያይልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ስንመለስ ግማሹን መንገድ ታገስኩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጮህኩበት፤ ንዴቴ ያኔም ዛሬም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። አጋዘኔን ለምን ሰጠኸው አልኩት።

«አልሰጠሁትም» አለ አባባ መሪውን እንደያዘ። «እንካ አልኩት እንጂ።»

ሰኞ ሰሌዳው ላይ አራት ፎቶ ተለጠፈ። መምህራችን ያንቺስ አለኝ፤ ምንም አላየሁም አልኩ። ማልቀሻ ፍለጋ ሽንት ቤት ገባሁ፣ እዚያም ሰው ነበር።

ዴል ከአባባ ታሪኩን የሰማው በዚያው ቀን ምሳ ላይ ነው። የምሳ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አላተመው አሉ። ዴል ተቆጥቶ ማንም አይቶት አያውቅም ነበር። ሐሙስ ቤታችን መጣ፤ ወንድሙ የገደለውን የአጋዘን ሥጋ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ። አባባ አይሆንም አለ፣ ዴል አስቀመጠው። አባባ መለሰለት፣ ዴል እንደገና አስቀመጠው። በሦስተኛው አባባ በሁለት እጁ ተቀበለ። ያኔ ዴል ወደኔ ዞሮ የነገረኝን አልረሳም። «እዚህ አገር እኮ» አለ፣ «መጨረሻ የቀረችውን ኬክ ማንም አይወስዳትም። ግማሿን ይቆርጣል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ ይቆርጣል፣ ፍርፋሪዋ እስክትደርቅ ድረስ። ሚኒሶታ ተወልዶ በመጀመሪያው እንካ የሚወስድ ሰው የለም። ሰውዬው ያውቅ ነበር፣ ልጄ። ደህና አድርጎ ያውቅ ነበር።»

እስከዚያች ሰዓት ያናደደኝ አባባ ነበር። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ባለ ጺሙ ነው። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። የአባቴን ጨዋነት አይቶ፣ ምን እንደሆነ ገብቶት፣ እንደ በር መክፈቻ ተጠቀመበት። እኔም በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር ወሰንኩ፤ የማልሰጠውን እንካ አልልም፣ እንቺ ያሉኝን ደግሞ ሳልግደረደር እወስዳለሁ። ንግድ ስጀምር ይህ ውሳኔ ከዲግሪ በላይ ጠቀመኝ።

ባለፈው ዓመት በመክፈቻው ቅዳሜ አንድ ደንበኛ ጎማው ፈንድቶ መጣ፤ መኪናው ኋላ ላይ የተበለተ አጋዘን አለ። በዚያ ብርድ ስስ ልብስ ነበር የለበሰው፤ ሥራዬን ትቼ ቶሎ ሠራሁለት። ሲሄድ ሥጋውን አሳይቶ፣ ከዚህ የኋላ እግር ላካፍልሽ አለኝ። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኩና እጄን ዘረጋሁ። ሰውዬው አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ከዚያ ፈገግ አለ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ማታውን ሥጋውን ለአባባ ወሰድኩለት። ዛሬ ጡረታ ወጥቷል፤ ቢላዋ ግን አሁንም እንደሱ የሚይዝ የለም። እየበለተ ከየት አመጣሽው አለኝ፣ ነገርኩት።

«ስንቴ እምቢ አልሽ?»

«አንዴም።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

ልዋሸው ፈለግሁ። ጎማ ነጋዴ ነኝ፣ ይከብደኛል እንዴ? «ያንተን» አልኩ። «ያን ቀን የነበረውን።»

ሥጋውን መልሶ በወረቀቱ ጠቀለለና ወደኔ ገፋው። በማግሥቱ ለሰውዬው ደወልኩ፤ ሥጋህን ልመልስልህ አልኩት። አይሆንም አለ። እንደገና ጠየቅሁት፣ ኧረ ያንቺ ነው አለ። ሦስተኛ ስጠይቀው ሳቀ፤ የእውነት ሳቅ ነው፣ እኔ እለየዋለሁ፤ ሚስቱ የአጋዘን ሥጋ መብላት ሰልችቷት ፍሪዘሩን ልትቆልፍበት እንደደረሰች ነገረኝ። በላነው። አባባ ሚጥሚጣ በዛበት አለ፣ ከሥጋው ግን ሁለት ጊዜ ጨመረ።

ያኔ የነበሩ ሰዎች ያለ አጥርም ሕግ ያከብሩ ነበር ብዬ ባሞካሻቸው ደስ ይለኛል፤ ዴልን ሳስብ እውነት ይመስለኛል። ባለ ጺሙን ሳስብ ግን ያኔም እንደ ዛሬው ነበር። በሕይወት ካለ መቼም አንድ ቀን ጎማው ይፈነዳል፣ ሮበርት ስትሪትም ረጅም አይደለም። ቢመጣ እሠራለታለሁ፣ ሥራዬ ነው። ስጨርስ ከመደርደሪያው አንድ የሚንት ከረሜላ አንስቼ እሰጠዋለሁ። አጋዘኑ የኔ ነበር።